ወር ጠብቆ በማይመጣ ገቢ የቤተሰብ ዕዳን መክፈል

እኔ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው ተክለሃይማኖት አካባቢ በኪራይ ቤት ነው። ሁለታችንም የወር ደመወዝ የለንም። ጥር ላይ ጥምቀቱም ሰርጉም አንድ ላይ ስለሚመጣ እኔ ሌሊቱን ማሽን ላይ ነኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሰርግ የለም፤ ማሽኑም ዝም ይላል። ባለቤቴ በበጋ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይሮጣል። ሐምሌና ነሐሴ ግን በዝናብ የውጭ ግድግዳ አይቀባም።

በ2016 ነሐሴ ላይ ዕዳችን 101,400 ብር ደርሶ ነበር። «በየወሩ ይህን ያህል እንከፍላለን» ብለን ስንት ጊዜ ቃል ገባን፤ ስንት ጊዜም ቃላችንን በላን። ነገሩ የተቃናልን በወር ማሰብ ትተን፣ በገባ ቁጥር ከገባው ላይ መቁረጥ ስንጀምር ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኛ የሄድንበትን መንገድ ነው። በኮሚሽን ለምትሠሩ፣ መኪና ለምታሽከረክሩ፣ ፀጉር ለምትሠሩ፣ ጂፕሰም ለምትሠሩ፣ ገቢያችሁ አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ለሚጎድል ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

1. ዕዳውን በሙሉ አንድ ደብተር ላይ አውጡ

ይህን ሥራ ባልና ሚስት አብራችሁ ሥሩት። ልጆች ከተኙ በኋላ ቢሆን ይሻላል። አንዱ ብቻውን የሚጽፈው ዝርዝር ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። እኛ ቤት እኔ በስልክ የተበደርኩትን 4,000 ብር ለባለቤቴ አልነገርኩትም ነበር። እሱም ሰፈር ውስጥ ከሚያበድር ሰው 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ወስዶ ደብቆኝ ነበር። ያን ቀን ማታ ተኮራርፈን ነው የተኛነው። ቢሆንም ከዚያ ሌሊት የበለጠ የጠቀመን ቀን የለም።

ለእያንዳንዱ ዕዳ አምስት ነገር ጻፉ። የማን ነው? ስንት ቀረ? መቼ ይከፈላል? ወለዱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው? ብንዘገይ ምን ይመጣብናል? አምስተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ኋላ ማን ይቅደም ብላችሁ ስትመርጡ የምታግዛችሁ እሷ ናት።

የእኛ እንዲህ ነበር። ለማሽን መግዣ ከማይክሮፋይናንስ የወሰድነው 42,000፣ የባለቤቴ አክስት 25,000፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ 14,000፣ የሰፈሩ አበዳሪ 10,000፣ የሱቅ ዱቤ 6,400፣ የስልክ ብድር 4,000።

በሌላኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሰው ያልከፈላችሁን ጻፉ። ባለቤቴ ከሦስት ሥራ ተቋራጮች ላይ ቀሪ ሂሳብ ነበረው፤ ነገ ዛሬ እየተባለ ተረስቶ ነበር። ደብተር ላይ ሲሰፍር ግን ለመጠየቅ ድፍረት ይሰጣል። ሁለቱ ከፈሉት።

2. ገቢያችሁን በቀዝቃዛው ወር ለኩ

የባለፉትን 12 ወራት ገቢ አስታውሱ። ማስታወሻ ባይኖራችሁም ከቴሌብርና ከባንክ የገንዘብ እንቅስቃሴ ዝርዝር ላይ ብዙው ይገኛል። ከዚያ አማካዩን አትያዙ። አማካይ ያሳስታል። ዝቅተኛውን ያዙ። ቀዝቃዛ ወር የምለው ሥራ የሚጠፋበትን ወር ነው።

እኛ የሁለታችን ገቢ ተደምሮ፣ የዕቃ ወጪ ተቀንሶ፣ በጥር 52,000 ብር ነበር። በሐምሌ 16,000። ቤታችን ደግሞ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ውሃና እድር ብቻ ተቆጥሮ 21,000 ብር ይፈልጋል። እንግዲህ በቀዝቃዛ ወር 5,000 ብር ይጎድለናል። ለእኛ ቀዝቃዛ ወራት አራት ናቸው፤ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሐምሌና ነሐሴ። ተባዝቶ 20,000 ብር ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ሳየው ነው የገባኝ። እኛ አባካኞች ስለሆንን አልነበረም ዕዳ የገባነው። በየዓመቱ በእነዚያ አራት ወራት 20,000 ብር እንበደራለን፤ በጥር የገባው ደግሞ ለበዓሉና ለሰርጉ ያልቃል። ዕዳችን የሚወለድበትን ወር አወቅነው። እናንተም የእናንተን ወር ፈልጉ። ለአንዳንዱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ለአንዳንዱ በዓል ባለፈ ማግስት ነው።

3. ቀብድ ገቢ አይደለም

ስለዚህ ነገር ረዘም አድርጌ ልጽፍ። የእጅ ሥራ የምንሠራ ሰዎችን ከምንም በላይ የሚጥለን እሱ ነውና።

አንዲት ደንበኛ የ9,000 ብር ቀሚስ አዘዘችኝ እንበል። 4,500 ብር ቀብድ ትሰጠኛለች። ሸማው፣ ጥለቱ፣ ክሩ፣ የጥልፍ ባለሙያው ተደምሮ 5,000 ይወጣበታል። የእኔ የእጅ ዋጋ 4,000 ብር ነው፤ እሱም የሚገኘው ቀሚሱን ሳስረክብ ነው። ቀብዱ እጄ የገባ ቀን አከራያችን ከመጡ ግን ለኪራይ እሰጠዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሽሮ ሜዳ ሄጄ ሸማ ለመግዛት ብር የለኝም። ከሌላ ደንበኛ ቀብድ ወስጄ ለመጀመሪያዋ ሸማ እገዛለሁ። እንዲህ እየተሳሳቡ ይሄዳሉ። አንዷ ደንበኛ ሐሳቧን ቀይራ ብሯን ብትጠይቅ ሁሉም ይናዳል። እኔ ላይ ደርሷል።

ቀብድ ሥራውን እስክታስረክቡ ድረስ የደንበኛው ብር ነው። ዕዳ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቀብድ በገባ ቀን ወይም በማግስቱ ዕቃውን ግዙ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የክርም የቀለምም ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲቀየር አይተናል። ማቆየት ራሱ ኪሳራ ነው። የተረፈውን የደንበኛዋን ስም በጻፋችሁበት ፖስታ አስቀምጡ። ቀሚሱ ሲወጣ ብቻ ፖስታው ይከፈት።

ባለቤቴም ለቀለም መግዣ የሚሰጠውን ቅድሚያ ክፍያ እንዲሁ ያደርጋል። መኪና ለሚያሽከረክር ሰው ደግሞ የነዳጁ፣ የዘይቱና የጎማው ድርሻ ገቢ አይደለም። ማታ ቤት ከመግባቱ በፊት ለብቻው መቀመጥ አለበት። ጎማ ባለቀ ጊዜ የሚወሰድ ብድር ከሁሉ ይከፋል፤ መኪናው ቆሞ ወለዱ ይቆጥራልና።

4. በገባ ቁጥር ቁረጡ

አሁን የእጅ ዋጋችሁ ብቻ ቀረ። ከእያንዳንዱ 100 ብር 80ውን ለቤት፣ 10ሩን ለዕዳ፣ 10ሩን ለክረምት ሣጥን አድርጉ። ሣጥን የምለው ቀዝቃዛውን ወር የምትሻገሩበትን ገንዘብ ነው። የገባው 500 ብርም ቢሆን ያው ነው። 50 ለዕዳ፣ 50 ለሣጥን። ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ልማዱ የሚያዘው በትንሹ ነው።

የወሩ ገቢ ቤታችሁ የሚፈልገውን ሲሞላ ግን ሕጉ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ግማሹ ለዕዳ፣ ግማሹ ለሣጥን ነው። በእኛ በጥር እንዲህ ይሆናል። 26,250 ብር ሲገባ ቤት 21,000 ያገኛል፣ ዕዳና ሣጥን ደግሞ 2,625 ብር ያገኛሉ፣ እያንዳንዳቸው። ቀሪው 25,750 ለሁለት ይከፈላል። በወሩ መጨረሻ 15,500 ብር ለዕዳ፣ 15,500 ብር ለሣጥን ደረሰ ማለት ነው።

ቀዝቃዛው ወር ሲመጣ ለሣጥን መቁረጡ ይቆማል፤ ሣጥኑ ይከፈታል። የዕዳዋ 10 ግን አትቀርም። ከ16,000 ላይ 1,600 ብር ለዕዳ ወጥቶ 14,400 ለቤት ይተርፋል፤ የጎደለውን 6,600 ሣጥኑ ይሞላል። ለአራት ወር 26,400 ብር ይሆናል። የሣጥናችን ግብ ይህ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አልሞላም፤ 17,000 ላይ ቆመ። እሱም ቢሆን ከማንም ሳንበደር ሁዳዴን አሻገረን።

«ዕዳ እያለብኝ ለምን አስቀምጣለሁ? ሁሉንም ልክፈልና ልገላገል» የሚል ሰው ይኖራል። እኛም ሞክረነዋል። በጥር የነበረንን ሁሉ ከፍለን በየካቲት እዚያው ሱቅ ቆመን ዱቤ ጠየቅን። ሣጥን ከሌለ ዕዳ ተመላልሶ ይመጣል።

የሣጥኑን ብር ስልክ ላይ አታስቀምጡ። ስልክ ላይ ያለ ብር በማታ ይጠፋል። እኛ በባንክ ቁጠባ ደብተር ብቻ የሚወጣ፣ ከሞባይል ባንኪንግ ጋር ያልተያያዘ ሂሳብ ከፈትን። ለማውጣት ቅርንጫፍ ሄዶ መሰለፍ ያስፈልጋል። ያቺ ሰልፍ ብዙ ብር አትርፋልናለች።

5. ማን ይቅደም?

ቶሎ የሚያድገው ይቅደም። የሰፈሩ አበዳሪ 10,000 ብር በወር 1,000 ይበላ ነበር። በዓመት 12,000 ከፍለን ዋናው ገንዘብ እዚያው ይቀመጥ ነበር። የማይክሮፋይናንሱ 42,000 ስለሆነ ያስፈራል፤ የሚጎዳን ግን ትንሹ ነበር።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ ከ12 በመቶ የበለጠ የዓመት ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። የወለዱ ልክ በጽሑፍ ካልተቀመጠ የሚታሰበው 9 በመቶ ነው። አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕግም ያስጠይቃል። ይህን የምጽፈው የወሰዳችሁትን እንድትክዱ አይደለም። ስትደራደሩ እግራችሁ እንዲጸና ነው። ባለቤቴ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄደ። እስካሁን የተከፈለው ወለድ ይብቃ፣ ዋናው በሦስት ጊዜ ይከፈል ተባለ። በእያንዳንዱ ክፍያ ፊርማ ተቀበለ። ከፈላችሁ ወረቀት ያዙ፤ ከፍዬአለሁ ማለት ብቻውን አያድናችሁም።

ቀጥሎ የስልክ ብድር ነው። ክፍያው ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል። ለምሳሌ 3,000 ብር ለአንድ ወር ወስዳችሁ 180 ብር ብትከፍሉ አይከብድም። መልሳችሁ ያንኑ ቀን ብትወስዱት፣ በዓመት 12 ጊዜ ብታደርጉት፣ 2,160 ብር ሄደ። እኛ የተበደርነውን ግማሽ ብቻ መልሰን መውሰድ ጀመርን፤ በሚቀጥለው ወር የዚያን ግማሽ። በአራተኛው ወር ቆመ። በአንዴ መተው ያልሆነለት ሰው እንዲህ ይሞክር።

ከዚያ ኪራይና ሱቅ። ወለድ የላቸውም፤ ግን ጣሪያችንና ዳቦአችን ናቸው። ማይክሮፋይናንሱ በጊዜው ይከፈል፤ አንድም ቀን አይለፍ። የቡድን ዋስትና ካለበት እናንተ ስትቀሩ ጎረቤታችሁ ነው የሚከፍለው። ደግሞም ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች የብድር ታሪካችሁን ከብሔራዊ ባንክ የመረጃ ቋት ያያሉ።

የዘመድ ዕዳ መጨረሻ ነው። መጨረሻ ነው ማለት ግን መጥፋት አይደለም። ዘመድን የሚያስቀይመው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ሲያዩአችሁ መሸሻችሁ ነው። እኛ ለአክስታችን በየወሩ 500 ብር ይዘን ሄደን ቡና እንጠጣ ነበር።

6. ቀኑ ሳይደርስ ተናገሩ

ብር የሌለው ሰው ስልኩን ያጠፋል። ይህን አታድርጉ። ቀኑ ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ራሳችሁ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ትንሽም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። ቀንና ልክ ተናገሩ። «እግዚአብሔር ያውቃል» እና «ሲገኝ» የሚሉትን ቃላት ለአበዳሪ አትንገሩ።

እኔ ለአከራያችን ያልኳቸው ይህ ነው፦ «እትዬ፣ የዚህ ወር ኪራይ ሙሉውን አልያዝኩም። ይኸው 4,000። ቀሪውን 3,000 በ20 የማስረክበው ልብስ አለ፣ በ21 ይዤልዎት እመጣለሁ። ያለፉትን ሁለት ወራት ደግሞ በጥርና በሚያዝያ ልክፈል።» ፊታቸው ጠቆር አለ፤ ግን እሺ አሉ። በ21 ስወስድላቸው ደግሞ ሻይ አፈሉልኝ። አንዴ ቀኑን ካከበራችሁ ሁለተኛው ልመና ቀላል ነው።

ስለ ኪራይ ካነሳሁ፣ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የስድስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል ብላችሁ ብድር ከመግባታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ለማይክሮፋይናንስ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተወሰደው ላይ? ቀድሜ ብከፍል ክፍያው ለሚመጡት ወራት ይያዝልኛል ወይ? ሁለተኛውን ስንጠይቅ ይቻላል አሉን። ስለዚህ በጥር የየካቲትንና የመጋቢትን አብረን እንከፍላለን። የሚያቅታችሁ ወር ከታያችሁ የመክፈያ ጊዜ እንዲሸጋሸግ በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻው ከመዘግየታችሁ በፊት ይግባ።

7. አዲስ ዕዳ የሚገባበትን በር ዝጉ

የመጀመሪያው በር የሱቅ ደብተር ነው። ልጅ ልኮ «አጻፊና አምጪ» ማለት እኛ ቤት ቀርቷል። ልጅ ዋጋ አይጠይቅም፤ ባለሱቁም አንዳንዴ ይሳሳታል። እኔ ባለሱቁን «ወንድሜ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ ካልመጣሁ አትጻፍ» አልኩት። እሑድ እሑድ የእሱን ደብተርና የእኔን እናስተያያለን። የ340 ብር ልዩነት አግኝተን ያውቃል። ዘይትና ስኳር ሲኖር ከሸማቾች ማኅበር፣ አትክልት ከእሑድ ገበያ እንገዛለን። ጤፍ በኪሎ መግዛት ውድ ነው፤ በጥር ሲገባልን ኩንታል ገዝተን ከጎረቤት ጋር እንካፈላለን።

ሁለተኛው በር ትምህርት ቤት ነው። ትልቋን ልጃችንን ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርናት። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ግን እዚያ የቁርስና የምሳ ምገባ አለ፤ ዩኒፎርሙና ደብተሩም ከከተማው አስተዳደር ይመጣል። ልጅቷ ደህና ናት፤ ማታ ማታ አባቷ ሒሳብ ያስጠናታል። ትንሹ ያለበት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ለነሐሴ ነው። እሱን ከጥር ጀምሮ ለብቻው እናስቀምጣለን።

ሦስተኛው ማኅበራዊ ወጪ ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት። እዚህ ላይ ጨካኝ መሆን አልችልም። እኛ ለዓመቱ ልክ ቆርጠንለታል፤ ሲያልቅ በጉልበት እናግዛለን። እኔ ለሙሽራ እናት ቀሚስ የእጅ ዋጋ ሳልቀበል ሰፍቼ አውቃለሁ፤ ከ1,000 ብር ስጦታ በላይ ነበር ደስታዋ። እድርን ግን በጭራሽ አታቋርጡ። ሐዘን የመጣ ቀን የሚያስከትለውን ብድር የሚያስቀረው እድር ነው።

8. እቁብን ለምን እንደምትጥሉ እወቁ

እቁብ ወለድ የለውም። ስለዚህ ወለድ ያለበትን ዕዳ ለመንቀል ከእቁብ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ግን ዕጣው ቀድሞ ከደረሳችሁ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ዋሳችሁም ይጠየቅበታል። መጠኑን የምትመርጡት በጥር ኪሳችሁ ሳይሆን በሐምሌ ኪሳችሁ ነው። እኛ በሳምንት 300 ብር ነው የምንጥለው። 500ውን አልደፈርነውም።

ለሰብሳቢው ዳኛ መጀመሪያውኑ ንገሩ። «ዕጣው ለትምህርት ቤት ነሐሴ ላይ ቢሆንልኝ» ብሎ መለመን ነውር አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር መቀያየር ይቻላል። ዕጣው የወጣ ቀን ብሩ ቤት አይደር። እኔና ባለቤቴ ያኔውኑ ሄደን ነው ለአበዳሪው የመጨረሻውን የከፈልነው።

በየወሩ 1ኛ ቀን ማታ ደብተሩን እንከፍታለን። የተከፈለውን በቀይ እንሰርዛለን። ልጆቹም ያያሉ፤ ትንሹ መሰረዙን ለእኔ ተዉልኝ ይላል። አሁን ያልተሰረዘው መስመር አንድ ነው። የአክስታችን 8,000 ብር። ለሚያዝያ ነው ያልናቸው።